ያልተለካ ብር መድኃኒት አይሆንም



ውድ እህት ወንድሞች፣ ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞሩ ቪዲዮዎች ቤት ውስጥ የተሠራ «የብር ውሃ» መጠጣት ከጉንፋን እስከ ታይፎይድ ያድናል ይላሉ። ሁለት የብር ዘንግ ውሃ ውስጥ ነክሮ ከባትሪ ጋር ማያያዝ ብቻ ነው ተብሏል። ኮሎይዳል ሲልቨር የሚባለው ይኸው ነው፤ ውሃ ውስጥ የተንሳፈፉ እጅግ ደቃቅ የብር ቅንጣቶች። ወሎ ላይ ደግሞ ብር ሩቅ አይደለም። በእናቶቻችን ሳጥን ጠገራ ብርም የብር አምባርም አይጠፋም። ነገ ከሐብሩ ወይም ከመርሳ ደውለው «እናንተ ኢንጂነሮች አይደላችሁ? ሥሩልን» ቢሉን ምን እንላለን? የእኛ መልስ «አንሠራም፣ እናንተም አትጠጡ» የሚል ነው። ምክንያታችን ይኸውና።

በመጀመሪያ ብረቱ ራሱ ንጹሕ አይደለም። የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ከመቶ 83 እጁ ገደማ ብር ሲሆን የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። ጠገራው ውሃ ውስጥ ሲገባ መዳቡም አብሮ ይሟሟል።

ሁለተኛው መጠኑ ነው። በፋራዴይ ሕግ ስናሰላ 1 ሚሊ አምፔር ከረንት በ1 ሰዓት ውስጥ ቢበዛ 4 ሚሊ ግራም ያህል ብር ከዘንጉ ያወጣል። ውሃው 1 ሊትር ከሆነ በሊትር 4 ሚሊ ግራም ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ብር ለውሃ ማከሚያነት ሲውል በሊትር እስከ 0.1 ሚሊ ግራም ቢገኝ ለጤና እንደማያሰጋ ይገልጻል። የእኛው ስሌት የዚህ 40 እጥፍ ነው። ያም ሆኖ ስሌቱ ጣሪያውን ብቻ ነው የሚነግረን። ከወጣው ብር ከፊሉ በሌላው ዘንግ ላይ ይለጠፋል፣ ከፊሉም ይዘቅጣል። ውሃው ውስጥ የቀረውን ለማወቅ መለካት ግድ ነው።

ታዲያ በምን ይለካል? በርካሽ የሚገዛው የቲዲኤስ መለኪያ የሚያነበው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉትን አዮኖች ነው፤ ቅንጣቶቹን አያያቸውም። የሌዘር መብራት ሲበራበት ጨረሩ ውሃው ውስጥ ከታየ ቅንጣት መኖሩን ያሳያል፣ ስንት እንደሆነ ግን አይናገርም። የምግብ ጨው ጠብ ሲደረግበት ነጭ ደመና ከሠራም የብር አዮን አለ ማለት ነው፣ መጠኑን አሁንም አናውቅም። ትክክለኛውን ቁጥር የሚሰጠው እንደ አቶሚክ አብዞርፕሽን ያለ የላብራቶሪ መሣሪያ ነው። እሱም ለዚያች ለተለካችው ጠርሙስ ብቻ ነው የሚመሰክረው።

ለዚያችም ጠርሙስ ቢሆን ምስክርነቱ አይቆይም። ብርሃን ያጠቁረዋል። በምንጭና በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎራይድ ከብሩ ጋር ተዋህዶ ይዘቅጣል። ቅንጣቶቹም እርስ በርስ እየተጣበቁ ቀለሙ ከቢጫ ወደ ግራጫ ይሄዳል፣ ከታች አተላ ይሠራል። ከላይ የቀዳና ከታች የቀዳ ሰው የጠጡት አንድ ዓይነት ነገር አይደለም።

ጉዳቱ ደግሞ የሚታይ ነው። ብር በሰውነት ሲጠራቀም ቆዳን ሰማያዊ ግራጫ ያደርጋል፤ አርጂሪያ ይባላል፣ አንዴ ከያዘም አይለቅም። አንዳንድ አንቲባዮቲኮች በደንብ ወደ ሰውነት እንዳይገቡም ያደርጋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ1999 እ.ኤ.አ. ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጡ ኮሎይዳል ሲልቨር ያላቸው ምርቶች ደኅንነታቸውም ፈዋሽነታቸውም እንዳልተረጋገጠ ወስኗል።

ብር ጥቅም የለውም አላልንም። ለቃጠሎ የሚቀባው ሲልቨር ሰልፋዲያዚን ክሬም በሐኪም ቤት የታወቀ ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. ጓቲማላ ውስጥ የተሠራው የሸክላ ውሃ ማጣሪያም ኮሎይዳል ሲልቨር ይቀባል። እዚያ ግን መጠኑ የታወቀ ነው፤ ብሩም በአብዛኛው ሸክላው ላይ ይቀራል።

መድረሳ የተቀመጥን ሁሉ ሱረቱል ሙጠፊፊን ሲሰፍሩ የሚያጎድሉትን እንደሚያስጠነቅቅ እናውቃለን። ለእህል ሚዛን ይህን ያህል ከተነገረ ወደ ሰው ሆድ ለሚገባ ነገርማ እንዴት ይሆን? ይህን ውሃ ከጥቁር አዝሙድና ከማር ጎን አሰልፈው «ጢቡን ነበዊ» የሚሉም አሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በብር ዕቃ መጠጣትን እንደከለከሉ ማስታወስ ይበቃል። የፊቅሁን ዝርዝር ለዑለሞቻችን እንተዋለን።

የሰዉ ፍርሃት ግን እውነተኛ ነው። በ2014ቱ ጦርነት ወልድያ ውሃና መብራት አጥታ መክረሟን አንረሳም። ስለዚህ ለሚጠይቁን ቤተሰቦች «አትጠጡ» ብለን ብቻ ስልኩን አንዝጋ። ውሃውን አፍልታችሁ ጠጡ፣ ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለውን ክሎሪን በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ እንበላቸው። ትኩሳት ያለበትን ሰው ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ውሰዱት እንበል።

ከወልድያም ከመርሳ ግቢም ያላችሁ የኬሚስትሪና የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ደግሞ ለመመረቂያ ሥራችሁ አንድ ሐሳብ እናቅርብላችሁ። ከአካባቢያችን ሸክላ ሠሪዎች ጋር ብር የተቀባ ማጣሪያ ሠርታችሁ፣ ወደ ውሃው የሚለቀቀውን ብር በየሳምንቱ ለኩ። ቁጥሩን ይዛችሁ ስትመጡ በጀመዓችን መድረክ እናዳምጣችኋለን፣ ኢንሻአላህ። «ኢንጂነር» ብሎ የሚጠራን ወገን የሰጠን አማና ነው፤ አላህ ከሚጠብቁት ያድርገን።

ወሰላሙ ዓለይኩም።