ስድብ የሚያነፈንፍ ኩራት

እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ፖላንድ አንድ ሕግ አወጣች። የናዚ ጀርመንን ወንጀል በፖላንድ ሕዝብ ላይ የሚያላክክ ሰው እስከ 3 ዓመት እንዲታሰር የሚፈቅድ ነበር። ቅሬታው ከባዶ የመነጨ አልነበረም። የሞት ካምፖቹን የሠራችው ጀርመን ሆና ሳለ «የፖላንድ ካምፖች» ብሎ መጥራት ሐሰት ነው፤ ማስቆጣቱም ተገቢ ነው።

ችግሩ ቁጣው እዚያ አለመቆሙ ነው። በሐምሌ 1941 የድቫብኔ በምትባል የፖላንድ ከተማ ፖላንዳውያን አይሁድ ጎረቤቶቻቸውን ጎተራ ውስጥ ዘግተው አቃጥለዋል። የአገሪቱ የራሷ መርማሪዎች ቢያንስ 340 ሰው መገደሉን አረጋግጠዋል። የወቅቱ የፖላንድ ፕሬዚዳንት ክቫሽኒየቭስኪ በ2001 እዚያው ተገኝተው ይቅርታ ሲጠይቁ ግን ብዙ የከተማዋ ነዋሪዎች ሳይመጡ ቀሩ። ይቅርታው ውርደት መስሎ ታያቸው።

ፖላንዳዊቷ የሥነ ልቦና ምሁር አግኒየሽካ ጎሌትስ ደ ዛቫላ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2009 ባሳተሙት ጥናት ይህን ዓይነቱን ስሜት የጋራ ናርሲሲዝም ብለውታል። «ወገናችን ታላቅ ነው፤ ዓለም ግን የሚገባውን ክብር ነፍጎታል» ብሎ ማመን ነው። በዚህ እምነት የተያዘ ሰው በቀልዱም፣ በፊልሙም፣ በታሪክ መጽሐፉም ስድብ ይታየዋል፤ ለበቀልም ይቸኩላል። ይህን አገር መውደድ ብለን ልንጠራው አይገባም። አገሩን የሚወድ ሰው ነቀፋ ሲሰማ አስቀድሞ «እውነት ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። የየድቫብኔ ሟቾችም የፖላንድ ዜጎች ነበሩ።

የሕጉ የእስራት ቅጣት በዚያው በ2018 ሰኔ ተሰረዘ። ከመጀመሪያውም መደንገግ አልነበረበትም።