መጠበቅ በገንዘብ ይገዛል?

«ዓሣ ማጥመድ ደግሞ ምኑ ነው ጌም የሚሆነው?» የምትሉ አትጠፉም። ሴጋ እ.ኤ.አ. በ1997 ለጌም ቤቶች ያወጣው «ጌት ባስ» ዘንግ መሰል መቆጣጠሪያ ቢኖረውም ተጫዋቹ ሰዓቱ ሳያልቅበት ለማጥመድ ይጣደፋል። እ.ኤ.አ. በ2015 በስቲም የወጣው «ፊሺንግ ፕላኔት» ግን ፈቃድ ያስወጣል፤ መንጠቆና ክር ያስመርጣል፤ ዓሣው ሲታገል ክሩን አለቅጥ ከወጠራችሁት ብጥስ ይላል! በእኔ እምነት ጌሙን እውነተኛ የሚያሰኘው የውሃው ምስል ሳይሆን ይሄ መጠበቅና ማጣት ነው። ታዲያ ይኸው ጌም ልምድና ገንዘብ ቶሎ የሚያስከማች ፕሪሚየም አካውንት ይሸጣል። እንጀራቸው ነው፣ እሺ። ግን ልብስና ጌጥ ይሽጡ እንጂ መጠበቁን አይቸርችሩት። እሱ ከተሸጠ የሚተርፈን ሥዕል ብቻ ነው።