ጣቢያው የራቀው ከተማ፦ የድሬዳዋ መሀልና የሕዝብ ትራንስፖርቷ

ድሬዳዋን ባቡር ወለዳት ሲባል ለአነጋገር ውበት ብቻ አይደለም። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መነሻነት የተዘረጋው ሐዲድ መጀመሪያ ሊያልፍ የታሰበው በሐረር በኩል ነበር። ሆኖም የሐረርን ተራሮች መውጣት እጅግ ከባድና ውድ ሆኖ በመገኘቱ መስመሩ በተራሮቹ ግርጌ ባለው ሜዳ እንዲያልፍ ተደረገ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ የደረሰበት ያ ሜዳ ከተማ ሆነ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ስለሆነ፣ በመካከሉ ባሉት ዓመታት ሰውና ዕቃ ከባቡር ወርዶ ወደ በቅሎና ግመል የሚዛወረው ድሬዳዋ ላይ ነበር። ከተማዋ የማደሪያ፣ የመጋዘን፣ የጉምሩክና የገበያ ቦታ የሆነችው ከዚህ የተነሣ ነው። ከሌሎች በርካታ የኢትዮጵያ ከተሞች የሚለያትም ይኸው ነው፤ ያደገችው በቤተ መንግሥት ወይም በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ሳይሆን በጣቢያ ዙሪያ ነው።

ይህ አመጣጥ በከተማዋ ቅርጽ ላይ ዛሬም በግልጽ ይነበባል። ከዚራ የሚባለው ክፍል ከጣቢያው አደባባይ የሚነሡ ቀጥ ያሉ መንገዶች፣ ግራና ቀኝ የተተከሉ ዛፎችና ከመንገዱ ጋር ፊት ለፊት የሚተያዩ ቤቶች አሉት። ከደቻቱ ማዶ ያለው መጋላ ደግሞ ጠባብ መተላለፊያዎች፣ ሱቅና መኖሪያ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚገኙባቸው ቤቶች፣ እንዲሁም ቀፊራን የመሰለ ገበያ ያለበት ነው። በሁለቱ መካከል የደቻቱ አሸዋማ ወለል አለ፤ በበጋ የእግረኛ መሻገሪያ ነው፣ በክረምት ደግሞ ከተራሮቹ የሚወርድ ጎርፍ ይሞላዋል። የሁለቱ ሰፈሮች አሠራር ፈጽሞ የተለያየ ቢሆንም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። ሁለቱም በእግር ለሚሄድ ሰው የተሠሩ ናቸው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ በሆነ፣ ፀሐዩ በሚያቃጥል ስፍራ ጥላ ያለው አጭር መንገድ ጌጥ ሳይሆን የትራንስፖርት መሠረተ ልማት ነው። የመንገድ ጥናቶች ግን ብዙውን ጊዜ የአስፋልቱን ስፋት ይለኩና ጥላውን ሳይለኩ ያልፋሉ።

መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ መደበኛ የንግድ አገልግሎቱንም በ2010 ዓ.ም. የጀመረው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ይህን ቅርጽ ሳይነካ ትርጉሙን ለወጠው። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው መስመር ሐዲዱ 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ የአሮጌው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነበር። አዲሱ የድሬዳዋ ጣቢያ የተሠራው ከነባሩ ከተማ ውጪ፣ በርካታ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ነው። በምሕንድስና ረገድ ውሳኔው የሚነቀፍ አይደለም። ረዣዥም የጭነት ባቡሮች ሰፊ መታጠፊያና ረጅም የጣቢያ ሐዲድ ይፈልጋሉ፤ በከዚራ መካከል ይህን ለመሥራት ሰፈሩን ማፍረስ ግድ ይሆን ነበር። መስመሩም ከሁሉ አስቀድሞ የታሰበው ለገቢና ወጪ ጭነት ነው፤ የአገሪቱ የባሕር ንግድ ከዘጠና ከመቶ በላይ በጅቡቲ በኩል የሚያልፍ በመሆኑ ይህን ቅደም ተከተል መረዳት ያስቸግራል ማለት አይቻልም።

ችግሩ ያለው ጣቢያው በመራቁ ላይ ሳይሆን ርቀቱ ባለቤት በማጣቱ ላይ ነው። የባቡር ድርጅቱ ኃላፊነት በጣቢያው በር ላይ ያበቃል፤ የከተማው የትራንስፖርት አስተዳደርም ከከተማው መንገዶች ይጀምራል። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ የአስፋልት ሥራ ተደርጎ ታየ እንጂ የጉዞ አካል ተደርጎ አልታቀደም። መንገደኛው ሻንጣውን፣ ጆንያውንና ልጁን ይዞ ከባቡር ሲወርድ የሚጠብቀው የኮንትራት ድርድር ነው። በአሮጌው ጣቢያ የወረደ ሰው በዚያው እግሩ አልጋ ይይዛል፣ ምሳ ይበላል፣ ዕቃውን መጋላ ያደርሳል። ከተማውም ከዚህ ይጠቀም ነበር፤ ከባቡር የሚወርደው ሰው ለመሀል ከተማው ደንበኛ ነበርና። አሁን ግን መንገደኛው ከተማ ከመግባቱ በፊት ለከተማው የመግቢያ ያህል ይከፍላል። ይህ ወጪ በትኬቱ ዋጋ ላይ ስለማይታይ በየትኛውም ሪፖርት ውስጥ አይገባም። ገንዘቡ ለደመወዝተኛው ተጓዥ ጥቂት ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ጆንያ ይዛ ለምትመላለስ አነስተኛ ነጋዴ ግን የትርፏ አካል ነው።

በመካከለኛ ከተሞች ስለ ሕዝብ ትራንስፖርት ሲወራ ዓይን ወደ አዲስ አበባ ማየቱ የተለመደ ነው። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ሲጀምር ሁለት መስመሮችና 41 ባቡሮች ነበሩት፤ ብዙም ሳይቆይ በመለዋወጫ እጥረትና በጥገና ጉድለት የብዙዎቹ ባቡሮች መቆም መነጋገሪያ ሆነ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ባቡር መጥፎ ነው የሚል አይደለም። ከሚሊዮኖች ዋና ከተማ ጋር የተመጣጠነ ሥርዓት እንኳ በየዓመቱ የሚፈስበት የጥገና በጀት ከሌለ እንደማይዘልቅ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት የድሬዳዋ አስተዳደር 341,834 ሕዝብ ሲኖረው ከዚህ ውስጥ በከተማው የሚኖረው 233,224 ነበር። ቁጥሩ ከዚያ ወዲህ ማደጉ ባያከራክርም የከተማው ልክ አሁንም የመካከለኛ ከተማ ልክ ነው፤ መፍትሔውም በዚያው ልክ መፈለግ ይኖርበታል።

በዚህ ልክ ላይ ያለው እውነተኛ የሕዝብ ትራንስፖርት ባጃጅ ነው። ሕጋዊ ቋንቋው ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ይለዋል፤ የአስተዳደር ሰዎች ደግሞ ስለ እሱ የሚናገሩት አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሥርዓት አልበኝነት ቆጥረው ነው። ይህ አመለካከት ፍትሐዊ አይደለም። ባጃጅ ሦስት ሰው ይጭናል፣ በጠባቡ የመጋላ መንገድ ይገባል፣ ተሳፋሪውን ከደጁ ያደርሳል፣ ለብዙ ወጣቶችም እንጀራ ነው። ይህ ሁሉ ጥቅሙ ግን የሚሠራው ጉዞው አጭር እስከሆነ ድረስ ነው። ሦስት ሰው ብቻ የሚጭን ተሽከርካሪ የነዳጁንና የሾፌሩን ወጪ የሚያካፍለው ለሦስት ብቻ ስለሆነ፣ ርቀቱ ሲጨምር ዋጋው የሚያሻቅበው በቀጥታ በተሳፋሪው ኪስ ላይ ነው። አውቶቡስ ወጪውን ለብዙ ሰው ያከፋፍላል፤ ነገር ግን በመስመሩ ግራና ቀኝ በቂ ሰው ካልሰፈረ ባዶውን ይመላለሳል። ስለዚህ አንድ ከተማ ወደ ዳር በተዘረጋ ቁጥር ለባጃጅ እጅግ ሩቅ፣ ለአውቶቡስ ደግሞ እጅግ የሳሳ ይሆናል። ድሬዳዋ ወደዚህ መካከለኛ ወጥመድ እየተጠጋች ያለችው በትራንስፖርት ውሳኔ ሳይሆን በቤት ውሳኔ ነው።

የቤቱ ነገር ሥሩ ሩቅ ነው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ኪራያቸው ከአንድ መቶ ብር በታች የሆኑ ቤቶችን በቀበሌ ሥር አደረጋቸው። በዚህ ምክንያት በየከተማው መሀል በዝቅተኛ ኪራይ የሚኖር ብዙ ድኻ ሕዝብ ቀረ። ቤቶቹ አርጅተዋል፤ አከራዩ ቀበሌ ለጥገና የሚበቃ ኪራይ አልሰበሰበም፤ ተከራዩም የእኔ ያላለውን ቤት አላደሰም። የከተማ ባለሙያዎች ይህን ሲያዩ የሚጽፉት ስለ ተጎሳቆለ ቤት ነው፤ እውነትም ነው። የሚያልፉት ግን ሌላውን ግማሽ ነው። ሥርዓቱ ሳያስበው ድኻውን ከሥራው፣ ከገበያውና ከትምህርት ቤቱ አጠገብ አቆይቶታል። ቀፊራ ቅመም የምትሸጥ እናት በእግሯ ሄዳ በእግሯ የምትመለስ ከሆነ ለትራንስፖርት የማታወጣው ገንዘብ ለቤተሰቧ ሁለተኛ ገቢ እንደማለት ነው። ለእሷ ከከተማው ዳር የተሻለ ጣሪያ ያለው የጋራ መኖሪያ ቤት ቢሰጣት፣ ቤቱ ከፍ ሲል ኑሮው ዝቅ ሊል ይችላል። የጋራ መኖሪያ ቤቶች በተገነቡባቸው ከተሞች ዕጣ የደረሳቸው አንዳንዶች ቤቱን አከራይተው እነርሱ ወደ መሀል ተመልሰው በጠባብ ክፍል መከራየታቸው ውለታ ቢስነት ሳይሆን የሂሳብ ስሌት ነው።

ለመሀል ከተማ ቅርበት ሰዎች ምን ያህል ለመክፈል እንደሚገደዱ ደቻቱ በመራራ መንገድ አሳይቷል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የደረሰው ጎርፍ ከሁለት መቶ በላይ ሰዎችን ገድሎ ብዙዎችን ያለ ቤት አስቀርቷል። ከወንዙ ዳር የሰፈረው ሰው የጎርፉን ጠባይ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ወንዙ በየክረምቱ ይናገራል። ከገበያው አጠገብ አቅሙ የሚፈቅድለት ቦታ ሌላ አልነበረም እንጂ። ከአደጋ ቀጣና ማንሣት ተገቢ ቢሆንም፣ የተነሣው ሰው ከመሀሉ ሳይርቅ የሚኖርበት ሌላ ቦታ ካልተዘጋጀለት አደጋውን በድህነት መለወጥ ብቻ ይሆናል።

እንዲህ ያለ ቦታ ግን በድሬዳዋ መሀል አለ። የአሮጌው ጣቢያ ግቢ ከነጥገና ወርክሾፑ፣ ከነመጋዘኖቹና ከነሐዲድ ሜዳው በከዚራ አፍንጫ ሥር የሚገኝ ሰፊ መሬት ነው። በአዲስ አበባ የለገሃር ጣቢያ አካባቢ ምን እንደታቀደ ይታወቃል፤ በኅዳር 2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነውና ለኤግል ሂልስ የተሰጠው ፕሮጀክት 36 ሄክታር የሚያካልል፣ የቅንጡ መኖሪያ፣ የሆቴልና የንግድ ሕንፃዎች ሰፈር ነው። ይፋ ሲደረግ የአካባቢው ነባር ነዋሪዎች በዚያው ሥፍራ ቤት እንደሚሠራላቸው መገለጹ መልካም መነሻ ሐሳብ ነበር፤ የመሀል ከተማን መሬት ለማልማት ነዋሪውን ማራቅ የግድ አለመሆኑን አምኗልና። ድሬዳዋ ከዚህ ልትወስድ የሚገባት ይህን ሐሳብ እንጂ የሕንፃዎቹን ቁመት አይደለም።

የጣቢያው ሕንፃና ወርክሾፑ የቅርስ ጥበቃ እንደሚገባቸው አከራካሪ መሆን የለበትም። በኢትዮጵያ የኢንዱስትሪ ታሪክ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ የብረታ ብረት ሥራ የሚታይበት ቦታ ጥቂት ነው፤ የምድር ባቡር ሠራተኞችም ልዩ የሙያ ማኅበረሰብ ነበሩ። ነገር ግን ግቢውን በሙሉ ሙዚየም ማድረግ ጣቢያን ለሁለተኛ ጊዜ መዝጋት ይሆናል። ቦታው የተሠራው ሰው እንዲያልፍበት ነው፤ ሰው ሲያልፍበት ነው ታሪኩም የሚታየው። መሬቱን በሊዝ ለከፍተኛ ተጫራች ማቅረብ ለአስተዳደሩ በአንድ ጊዜ ገንዘብ ማስገባቱ አይካድም። ሆኖም ያ ገንዘብ ከመሀል የወጡ ቤተሰቦችን ለማመላለስ በየዓመቱ ከሚወጣው የአውቶቡስ ድጎማ፣ የመንገድና የውኃ መስመር ወጪ ጋር ሳይነጻጸር ትርፍ ተብሎ መመዝገብ የለበትም።

የተሻለው አማራጭ ያን ያህል የተራቀቀ አይደለም። አሮጌው ጣቢያ የከተማው አውቶቡሶችና የባጃጅ መስመሮች መገናኛ ይሁን፤ ከዚያ ወደ አዲሱ ጣቢያ የሚሄድ፣ የባቡሩን ሰዓት ተከትሎ የሚነሣና ባቡሩ ቢዘገይ የሚጠብቅ አውቶቡስ ይመደብ፤ የባቡር ትኬቱም ይህን ጉዞ ይጨምር። የመንገደኛ ባቡር እንደ ከተማ አውቶቡስ በየሩብ ሰዓቱ የሚመጣ ባለመሆኑ ጥቂት አውቶቡሶች ይበቃሉ። በተመሳሳይ ችግር ውስጥ የነበረችው ናይሮቢ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የአዲሱ ባቡር ጣቢያዋ ከመሀል ርቆ በመሠራቱ፣ በአሮጌው የአንድ ሜትር ሐዲድ ላይ አገናኝ ባቡር አሰማርታ መንገደኞችን ወደ ማዕከላዊው ጣቢያ ታደርሳለች። ድሬዳዋ አሮጌ ሐዲዷን እንደገና ለማስነሣት አቅሙ ባይኖራት እንኳ የሐዲዱን መተላለፊያ ከግንባታ ነፃ አድርጋ ማቆየት ትችላለች፤ አንድ ጊዜ ሕንፃ ከቆመበት በኋላ ማስለቀቁ ከሐዲድ ሥራው የበለጠ ያስወጣል። በግቢው ዳርቻ ደግሞ ከሦስትና ከአራት ፎቅ የማይበልጡ፣ ምድር ቤታቸው ሱቅ የሆነ የኪራይ ቤቶች ተሠርተው በመጀመሪያ ከደቻቱ ዳርና ከፈራረሱ የቀበሌ ቤቶች ለሚነሡ ይሰጡ። ኪራዩ የሚሰላውም ቤተሰቡ ለቤትና ለትራንስፖርት በአንድነት በሚያወጣው ልክ ቢሆን ይሻላል፤ ሁለቱን ለየብቻ የሚያሰላው የዛሬው አሠራር ነው ርካሹን የዳር ቤት ርካሽ ያስመሰለው።

ከእነዚህ አብዛኞቹ በአንድ የድኅረ ምረቃ ጥናት ሊፈተሹ የሚችሉ ናቸው። ለጥቂት ሳምንታት በአዲሱ ጣቢያ በር ላይ ቆሞ የሚወርደው ሰው ወዴት እንደሚሄድ፣ በምን እንደሚሄድና ስንት እንደሚከፍል መመዝገብ፣ በዚያው ወቅትም በመጋላ ያለና ከከተማው ዳር የሰፈረ ቤተሰብ የሳምንት የጉዞ ወጪ ማነጻጸር ትልቅ በጀት አይጠይቅም። የአሮጌው ግቢ ዕጣ በሊዝ ሰሌዳ ላይ ከመውጣቱ በፊት እንዲህ ያለ መረጃ በከተማው ምክር ቤት ጠረጴዛ ላይ ቢደርስ ክርክሩ ከሕንፃ ሥዕል ወደ ሰው አዳሪነት ይመለሳል።