ማሳው ሲሄድ ወንዙም አብሮ ይሂድ?

እኛ የቦሌ አራብሳና የሰሚት ልጆች አንድ ነገር እንመን፤ የምንተኛው ትናንት ጤፍ ይወቃበት በነበረ አውድማ ላይ ነው። «ቤት ተሠራ እንጂ ምን ጠፋ?» ለሚሉን መልስ አለን።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። ገበሬው እንዳይሸጥ ማለት ነው! ማሳው «ከተማ» በተባለ ማግስት ግን በሊዝ ጨረታ ይወጣል፤ ለመኖሪያ ከሆነ ለ99 ዓመት። ገበሬውስ? ከንብረት ካሳው ሌላ፣ ተተኪ መሬት ካላገኘ፣ በአዋጅ 455/1997 የዓመት ገቢው በ10፣ በተካው አዋጅ 1161/2011 ደግሞ በ15 ተባዝቶ ይሰጠዋል። 15 እና 99! ሂሳቡ ለሕፃንም ግልጽ ነው። በ2006 እና በ2008 ደም ያፈሰሰው የማስተር ፕላን ቁጣ ከዚህ ሂሳብ ተነጥሎ አይታይም።

ደግሞ ወንዙ አለ። ባሕር የለንም፤ ያለን የቡልቡላና የቀበና ዳር ነው። በ2011 «ሸገርን ማስዋብ» 56 ኪሎ ሜትር ወንዝ ላልማ ብሎ ተነሳ። ጥሩ! ግን ለማን? ትኬት ለሚቆርጥ ነው ወይስ ከብቱን ያጠጣ ለነበረው?

ቤት አይሠራ አላልንም። ከሊዙ ዋጋ ለገበሬው ድርሻ ይቆረጥለት፤ የወንዙ ዳር ያለ አጥር፣ ያለ ክፍያ ለሁሉም ይተው ነው የምንለው። ዛሬ ዝም ካልን፣ ነገ የእኛም ሰፈር «ለልማት ይፈለጋል» ሲባል ማን ይጮኽልናል?