«የሕይወቴ አስደሳች ቀን» ይቅርብን!

ጅጅጋ ውስጥ ለወጣቶች በተዘጋጀ አንድ የድርሰት ሥልጠና ላይ ለመገኘት ዕድል ገጥሞኝ ነበር። አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ ይዞት የመጣውን ወረቀት አደለና «የሕይወቴ አስደሳች ቀን በሚል ርእስ አንድ ገጽ ጻፉ» አለ። ጻፉ። ሲነበብ ግን ሁሉንም አንድ ሰው የጻፈው መሰለ። ሁሉም የፈተና ውጤት ሰምቷል፤ ሁሉም «በደስታ ሰክሯል»። አሠልጣኙ በሻይ ሰዓት ጠጋ ብሎ «እዚህ እኮ የንባብ ባህል የለም፤ ከየት ያምጡት?» አለኝ።

በዚያው ሻይ ላይ ከሠልጣኞቹ አንዷ ስለ አያቷ አጫወተችኝ። አየዮ በ1970 ዓ.ም. ጦርነት ወደ ሐርጌሳ ሲሸሹ የስፌት መኪናቸውን ለአማራ ጎረቤታቸው አደራ ሰጥተው ሄዱ። በ1980 ዓ.ም. ሐርጌሳ በቦምብ ስትደበደብ ደግሞ ሐርትሼክ መጠለያ ገቡ፤ በገዛ አገራቸው ስደተኛ ተብለው። ጎረቤትየዋ ይህን ሲሰሙ መኪናዋን አስጭነው መጠለያው ድረስ ወሰዱላቸው። ዐሥር ዓመት ሙሉ ዘይት ሲቀቧት ኖረዋል። «ታዲያ ይህን ለምን አልጻፍሽም?» ብላት፣ «ይሄ እኮ የአየዮ ወሬ ነው፤ ድርሰት አይደለም» አለችኝ።

ለመሆኑ ይህችን ልጅ እንዲህ ብሎ ያስተማራት ማነው? እኛው ነን! ስለ ውሃ ጥቅም፣ ስለ ትምህርት ጥቅም እያስጻፍን ያሳደግናት።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ጅጅጋ ላይ ይህ ምሳሌ ግማሽ እውነት ነው። ሶማሌው አብቲርሲ የሚለውን የዘር ሐረጉን ወረቀት ሳይዝ ብዙ ትውልድ ወደ ኋላ ይቆጥራል። በ1892 ዓ.ም. ጅጅጋ ላይ ጦር ያዘመተው የሰይድ ሞሐመድ አብዱላ ሐሰን ግጥሞች፣ ሶማልያ የላቲን ፊደልን እስካጸደቀችበት እስከ 1965 ዓ.ም. ድረስ በዋነኛነት በቃል ሲወርዱ ኖረዋል። ግጥም ቤት አለው፣ ምት አለው፤ ራሱን ያስታውሳል። የስፌት መኪናዋ ታሪክ ግን ቤትም ምትም የለውም። ከአየዮ ጋር የሚቀበረው እሱ ነው።

ያልጻፍነውን ሌላ ቦታ ይጽፉታል። የጅጅጋው ልጅ ነጋ መዝለቂያ ልጅነቱን ካናዳ ሆኖ በእንግሊዝኛ ጻፈ፤ መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ2000 የዚያን አገር የጠቅላይ ገዥ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አገኘ። ወዲያው በአርትኦት የረዳችው ሴት «አብዛኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ» ብላ ተነሣች፤ እሱም አስተባበለ። ፍርዱን ለባለጉዳዮቹ እተዋለሁ። የሚቆጨኝ፣ የጅጅጋ ልጅነት የማን ብዕር ነው የሚለው ሙግት በካናዳ ጋዜጦች ላይ ሲካሄድ ጅጅጋ ራሷ ሰሚ እንኳ አለመሆኗ ነው።

«ድርሰት ስጦታ ነው፤ በልምምድ አይመጣም» የሚሉ አሉ። መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማን ጨዋታ በቴፕ ቀርጸው በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ» ብለው ሲያወጡ፣ አለቃ እንደ ደራሲ ብዕር ይዘው ተቀምጠው ነበርን? አወሩ፤ ልጅ ጠየቀ፣ ቀረጸ፣ ጻፈ። ልምምድ ማለት ይኸው ነው።

እንግዲያው ወረቀቱ ይቀየር። ልጁ አብቲርሲውን ይቁጠርና ወሬ የሚያውቅለት ስም ላይ ይቁም፤ ስለዚያ ሰው አንድ ገጽ ይጻፍ። ከቤቱ አንድ ዕቃ ይምረጥና ማን እንደገዛው፣ ማን እንደደበቀው አያቱን ይጠይቅ። መጀመሪያ በአፉ ያውራ፣ ጓደኛው ይጻፍለት፤ ከዚያ ራሱ ያርመው። በሶማሊኛም በአማርኛም፣ አፉን በፈታበት።

ከሁሉም የሚከብደው ልምምድ ደግሞ አለ። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ጅጅጋ ላይ ሰው ሲገደል፣ አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ፣ ሱቅ ሲዘረፍ ያየ ዛሬም በሕይወት አለ። ሶማሌውና አማርኛ ተናጋሪው ጎረቤቱ ያንን አንድ ቀን ለየብቻ ይጻፉት፤ ከዚያ ወረቀት ይለዋወጡ። ያስፈራል? አዎን! ግን ካልተጻፈ በየጓዳው ቂም ሆኖ ይወረሳል። ቂም ደግሞ እንደ ግጥም ነው፤ ያለ ወረቀትም አይረሳም።