ጎመን ዘርን በማሰሻ ዋጋ እስከ መቼ?

በመርጡለ ማርያም ገበያ ጎመን ዘር በጣሳ ሲሰፈር ያየ የእህል ነጋዴ ቆም ብሎ አያስብበትም። ዓይኑ ጤፉ ላይ ነው። ጎመን ዘሩን የሚገዙት እናቶች ወቅጠው ምጣድ ሊያስሱበት፣ እንጀራው እንዳይጣበቅ ነው። ታዲያ እናቶቹ የገዙት ምንድን ነው? በፋብሪካ ቋንቋ ሰበቃ መቀነሻ ቅባት ይባላል።

ሰበቃ ደግሞ ቀላል ሂሳብ አይደለም። ሆልምበርግና ኤርዴሚር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ስሌት መሠረት፣ ዓለም ከምትጠቀመው ኃይል 20 በመቶው ሰበቃን ለማሸነፍ ይጠፋል፤ ሌላ 3 በመቶ ደግሞ ተፋትገው ያለቁ ዕቃዎችን ለመተካት ይውላል። ነዳጁን ሁሉ ከውጭ ለሚያስመጣ አገር፣ ያውም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ ይህ የዶላር ጉዳይ ነው።

በውጭ አገር ያለው ሩጫ የሚገርም ነው። በአሜሪካ የኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ከጄኔራል ሞተርስ ጋር ሆኖ አዮኒክ ሊኩዊድ የሚባለውን ነገር በሞተር ዘይት ውስጥ ሞክሯል። ይህ ጨው ነው፤ ግን ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ፈሳሽ የሚሆን ጨው። ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ሲጨመር ብረቱ ላይ ስስ መከላከያ ሽፋን ይሠራል። ይህ የተጨመረበት ቀጭን ዘይት ከተለመደው ጋር ሲነጻጸር ከ2 በመቶ በላይ ነዳጅ ማዳኑ ተነግሯል። (ሙከራው በቤንዚን ሞተር ነውና የኢሱዙ ባለቤቶች ገና አትደሰቱ።) ይህን ጨው እኛ ነገ እንሠራለን የሚል ካለ ይዋሻል።

ጎመን ዘሩ ግን እጃችን ላይ ነው። በዘይቱ ውስጥ 40 በመቶ ገደማ ኢሩሲክ አሲድ አለ። ለምግብ ዘይትነት የተነቀፈው በዚህ ምክንያት ነው፤ አዳቃዮችም ሊቀንሱት ሲደክሙ ኖረዋል። ለቅባትነት ሲሆን ያው ነውር ሀብት ይሆናል። ረጅሙ ሞለኪውል አንድ ጫፉ ብረቱን ይይዛል፣ ጭራው ወደ ውጭ ይቆማል፣ ሁለቱ ብረቶች በቀጥታ አይገናኙም። ከዚሁ አሲድ የሚሠራው ኢሩካማይድ በፕላስቲክ ላስቲክ ውስጥ ይገባል፤ ፌስታሉ እርስ በርሱ ተጣብቆ አልከፈት እንዳይል። የምጣዱ ሥራ ማለት ነው።

ሌሎች ግን ነቅተዋል። እንግሊዝኛው «የኢትዮጵያ ሰናፍጭ» የሚለውን ይህን ተክል ኡራጓይና አርጀንቲና ለነዳጅ ያመርቱታል። በጥር 2010 ዓ.ም. የአውስትራሊያው ቃንታስ ከሎስ አንጀለስ ወደ ሜልበርን ሲበር ከነዳጁ 10 በመቶ ያህሉ የጎመን ዘር ቅይጥ ነበር። ቢፒም እ.ኤ.አ. በ2022 ዘይቱን ለመግዛት የአሥር ዓመት ውል ፈርሟል። ስሙ የኛ፣ ውሉ የሌላ!

አውሮፕላን እንሙላ አልልም። በየጓሮው የሚዘራ ጎመን ዘር ያን አይደርስም። ሞተር ውስጥም እንዳለ ቢጨመር በሙቀት ይወፍራል። የኔ ሐሳብ ከዚህ ያነሰ ነው። በከተማው ግንባታ የኮንክሪት ፎርምወርክ እንዳይጣበቅ የሚቀባው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነው፤ ኮንክሪቱን ያበላሻል፣ አፈሩንም ይመርዛል። በአውሮፓ ለዚህ ሥራ የአትክልት ዘይት ይሸጣል። የተቃጠለው ዘይት ርካሽ በመሆኑ ውድድሩ ቀላል አይሆንም፤ ስለዚህ መጀመር ያለበት የኮንክሪቱ መልክ ከሚታይባቸው ሕንፃዎች ነው። የእንጨት መሰንጠቂያ ሰንሰለት ሁለተኛው ገበያ ነው።

ለዚህ ደላላው የሚያደርገው አለ። ጎመን ዘሩን ከሰናፍጭ ጋር ባንድ ጆንያ ማጋፈፍ ይቅር። ገዢው የሚከፍለው ለኢሩሲኩ መጠን ነውና የተደባለቀ እህል ዋጋ አያወጣም። ናሙና ላቦራቶሪ ልኮ ቁጥሩን በእጁ የያዘ ሰብሳቢ ለጨማቂው በኩንታል ሳይሆን በዘይቱ ይዘት መደራደር ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ክልሉን ያወከው ግጭት መንገዱን እንዳከበደው አውቃለሁ፤ ስለዚህ ከቢቸናና ከሞጣ መጭመቂያው ወደ እህሉ ቢጠጋ ከኩንታሉ ይልቅ ዘይቱን ማጓጓዝ ይቀላል። ፋጉሎውም እዚያው ይቀራል፤ ለከብት ግን በልክ፣ ምሬቱ ይጎዳልና።