ጉርሻው የማን ነው?



የዚህ ወር ርእሳችን ለአንዳንዶቻችሁ ቅንጦት ሳይመስላችሁ አይቀርም። ነገሩ ስለ ሽርሽር መርከብ ነው፤ ይኸውም በመርከቡ ላይ ክፍል ለሚያጸዱ፣ ምግብ ለሚያቀርቡና ሳህን ለሚያጥቡ ሠራተኞች ስለሚሰጥ ጉርሻና ስጦታ። «የታክሲ ሂሳብ ለጨነቀው ሰው የመርከብ ሽርሽር ምኑ ነው?» የሚል እንደሚኖር እናውቃለን። ሆኖም በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን ይዘው በነዚህ መርከቦች መጓዝ ከጀመሩ ሰንብተዋል። በዋሽንግተን አካባቢ ያሉት ከባልቲሞር ወደብ፣ በባህረ ሰላጤው አገሮች ያሉት ከዱባይ፣ ከዶሃ ወይም ከጂዳ ይሳፈራሉ። በጉርሻ የሚያድር ሰው ጉዳይ ደግሞ አገር ቤት ላለነውም ቢሆን እንግዳ ነገር አይደለም።

ጥያቄውን ያነሱልን በአሜሪካ የሚኖሩ ባልና ሚስት ናቸው። ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው ከባልቲሞር ተነስተው ሰባት ሌሊት ተጉዘዋል። በመጨረሻው ምሽት ሂሳባቸውን ሲያዩ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 17 ዶላር፣ በድምሩ 476 ዶላር ጉርሻ ተጨምሮበት ያገኙታል። ባልየው «ቲኬቱን ከወራት በፊት ከፍለናል፤ ጉርሻ ማለት በፈቃድ የሚሰጥ እንጂ እንዲህ በግድ የሚቆረጥ አይደለም፤ ሄጄ አሰርዘዋለሁ» ብለው ይነሳሉ። ሚስትየው ደግሞ «ሳምንቱን ሙሉ ሲያገለግለን የሰነበተውን ሰው ነገ ጠዋት ምን ብለን ነው የምንሰናበተው?» ይላሉ። ልጆቹ ቁጭ ብለው ይሰማሉ። አንድ ጉርሻ ያጣላል እንዲሉ፣ ክርክሩ ቤታቸው ድረስ ተከትሏቸው ገብቶ «እስቲ እናንተ ፍረዱን» ብለው ለእኛ ላኩት።

ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር። ሚስትየው ልክ ናቸው። የባልየውም ቅሬታ ግን እውነት አለው፤ የተሳሳተው የተነሱበት አቅጣጫ ነው።

ገንዘቡ ምን እንደሆነ እንይ። ቀደም ባለው ጊዜ በጉዞው የመጨረሻ ምሽት ለተሳፋሪው ትናንሽ ፖስታዎች ይታደሉት ነበር። አንዱን ለክፍል አጽጂው፣ አንዱን ለምግብ አስተናጋጁ፣ አንዱን ለረዳቱ ብሎ ጥሬ ገንዘብ እየከተተ በእጁ ይሰጣል። ዛሬ በመርከቦቹ ውስጥ ጥሬ ገንዘብ ብዙም አይሠራም፤ የተገዛው ሁሉ በአንድ ካርድ ይመዘገብና መጨረሻ ላይ ይከፈላል። ጉርሻውም በየቀኑ በራሱ የሚጨመር ሂሳብ ሆነ። ትልልቆቹ የአሜሪካ ኩባንያዎች ለአንድ ሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር ገደማ ያስከፍላሉ፤ ሰፊ ክፍል ለያዘ ይጨምራል፤ ከሕፃናት በቀር ለልጆችም ይታሰባል። የተሰበሰበው ገንዘብ እንደየኩባንያው አሠራር ለክፍል አጽጂዎች፣ ለምግብ አዳራሽ አስተናጋጆችና ከጀርባ ለሚሠሩ ሌሎች ይከፋፈላል። ከጀርባ የሚሠሩት የሚባሉት በታችኛው የመርከቡ ክፍል አንሶላና ፎጣ ሲያጥቡ የሚውሉት፣ ተሳፋሪው መልካቸውን ሳያይ የሚለያያቸው ናቸው። ፖስታው በነበረበት ዘመን እነዚህን የሚያስታውስ ብዙ አልነበረም።

ለመሆኑ ኩባንያው ለምን በደመወዝ አይከፍላቸውም? መርከቡ ከአሜሪካ ወደብ ይነሳ እንጂ የሚያውለበልበው ብዙውን ጊዜ የባሃማስን ወይም የፓናማን ባንዲራ ነው። በመሆኑም የአሜሪካ የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ በውስጡ ላለው አስተናጋጅ አይደርሰውም። የባሕር ሠራተኞችን የሚመለከት ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2006 ተፈርሞ በ2013 በሥራ ላይ ውሏል፤ ለነዚህ ሰዎች ብዙ የጠቀመ ስምምነት ነው። ይሁን እንጂ በስምምነቱ ከተፈቀዱት የመለኪያ መንገዶች አንዱ ዕረፍት በሳምንት ከ77 ሰዓት እንዳያንስ ይላል። ተማሪዎቻችን ያስሉት፤ ሳምንት 168 ሰዓት ነው፤ 77 ሲቀነስ 91 ይቀራል። ይህም በቀን 13 ሰዓት፣ ያለ አንድ የዕረፍት ቀን ማለት ነው። ሁሉም መርከብ እስከዚህ ያሠራል ማለታችን አይደለም፤ ሕጉ የሚፈቅደው ጣራ ግን ይህን ያህል ከፍ ያለ ነው። ኮንትራቱም ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ይዘልቃል።

ከነዚህ ሠራተኞች ብዙዎቹ ፊሊፒናውያን፣ ኢንዶኔዢያውያንና ህንዶች ናቸው። የፊሊፒንስ መንግሥት በሚያጸድቀው ኮንትራት መሠረት አንድ ፊሊፒናዊ መርከበኛ ከመነሻ ደመወዙ ቢያንስ 80 በመቶውን በየወሩ ለቤተሰቡ መላክ አለበት። እንግዲህ ደመወዙ የልጅ ትምህርት ቤትና የእናት መድኃኒት ሆኖ ይሄዳል። ሰውየው በእጁ ይዞ የሚንቀሳቀሰው፣ ተርፎትም ቤት ልሠራበት ብሎ የሚያስቀምጠው በአመዛኙ ከጉርሻው ነው። ይህን ለመረዳት እኛ አስተርጓሚ አያሻንም። በሪያድና በቤይሩት የሰው ቤት የምታጸዳ እህት ያለችው፣ የወር መጨረሻን በስልክ የሚጠብቅ ቤተሰብ፣ ነገሩ ምን እንደሆነ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ባልየው ቅሬታ እንምጣ። «ሠራተኛውን መክፈል ያለበት አሠሪው ነው» ማለታቸው ልክ ነው። የሚቻልም ነው። የእንግሊዙ ፒ ኤንድ ኦ ክሩዝስ እ.ኤ.አ. በ2019 ይህን ተጨማሪ ሂሳብ ከተሳፋሪው ላይ አንስቶ በጉዞው ዋጋ ውስጥ አጠቃሎታል። ሌሎችም እንዲሁ የሚያደርጉ ኩባንያዎች አሉ። እኛም ብንጠየቅ የምንመርጠው ይህንኑ ነው፤ የሰው እንጀራ በእንግዳ ጠባይ ላይ ባይንጠለጠል ይሻላል። ነገር ግን አባወራው ወደ እንግዳ መቀበያው ሄደው 476 ዶላሩን ሲያሰርዙ ከኩባንያው ካዝና አንድ ሳንቲም አትጎድልም። የሚጎድለው ከአጽጂውና ከሳህን አጣቢው ድርሻ ነው። ከባለጠጋው ጋር ተጣልቶ ከሎሌው ኪስ መውሰድ ምን ዓይነት ካሳ ነው? ከኩባንያው ጋር ጠብ ያለው ለኩባንያው ይጻፍ፤ በሚቀጥለው ጊዜም ጉርሻውን በዋጋው ውስጥ ካጠቃለለ መርከብ ጋር ይጓዝ።

«ያለ ፈቃዳችን ተቆረጠ» ስለሚለውም አንድ ቃል እንበል። እኛ ሙፍቲ አይደለንም፤ ፈትዋ የሚፈልግ ወደ ዑለማ ይሂድ። ነገሩን እንደ ውል ካየነው ግን ሂሳቡ በድብቅ የሚጨመር አይደለም፤ ቲኬት ሲቆረጥ ከሚቀርቡት ሁኔታዎች አንዱ ነው። ችግሩ ማናችንም አለማንበባችን ነው። ያወቀና የተስማማ ሙስሊም ደግሞ በውሉ ይገኛል። በተረፈ «ከዘካዬ አስበዋለሁ» ያሉ እንዳሉ ሰምተናል። ይህ አይሆንም! ሰውየው ሠርቶልናል፤ የሠራበትን ዋጋ ምጽዋት ብሎ መስጠት እርሱንም ማዋረድ፣ ዘካንም ማጉደል ነው። ገንዘቡ መጠጥ ለሚቀዱት እንዳይደርስ የሚሰጉም አሉ። በአብዛኞቹ የአሜሪካ መርከቦች የመጠጥ ቤቶቹ ጉርሻ ለብቻው በእያንዳንዱ መጠጥ ዋጋ ላይ የሚታከል ነው። ለጁስም ቢሆን ይታከላልና ልጆቻችሁ ሲያዙ ልብ በሉ።

እንዲያውም ከሌላው ተሳፋሪ ይልቅ የእኛ ቤተሰቦች የሚያሠሩት ሳይበዛ አይቀርም። ሐላል ምግብ እንጠይቃለን፤ ይህ ስጋ በምን ተጠበሰ እንላለን፤ ለኢስቲንጃ የሚሆን ጆግ እናስመጣለን፤ ቂብላው ወዴት ነው ብለን መርከቡ በዞረ ቁጥር ሰው እናቆማለን። የአስተናጋጆቹ አለቃ የነገውን ምግብ ዝርዝር ዛሬ ማታ አምጥቶ አብሮን የሚመርጠው ሌላው ሥራው ሳይቀነስለት ነው። ሰዎችን ማመስገን አላህን ከማመስገን ጋር የተያያዘ መሆኑን ከነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የተማርን ሰዎች ይህን አይተን ዝም ልንል አይገባንም።

ደግሞም ቁርስ የሚያቀርብልን ሰው የተቀጠረው ለቁርስ ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ የመርከብ ሠራተኛ በአደጋ ጊዜ የተመደበበት ቦታ አለው፤ ተሳፋሪውን ወደ ነፍስ አድን ጀልባ የሚመራው ይኸው አስተናጋጅ ነው። ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለው መርከብ በጃንዋሪ 13 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. በጣሊያን ጂሊዮ ደሴት አጠገብ ከድንጋይ ጋር ተላትሞ 32 ሰዎች ሞቱ። ካፒቴኑ መርከቡን ጥሎ በመውጣቱ ተፈርዶበታል። ከሟቾቹ ሁሉ አስከሬኑ በመጨረሻ የተገኘው፣ ያውም በ2014 ዓመት መገባደጃ ላይ፣ የመርከቡ አስተናጋጅ የነበረ ህንዳዊ ነው። በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ ደግሞ ተሳፋሪዎች ወደየቤታቸው ሲመለሱ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ወደቦች ተዘግተውባቸው ለሳምንታትና ለወራት በባሕር ላይ ቀርተዋል። እንግዳ በሌለበት ጉርሻም የለም።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ግዴታው ነው። ከዚያ በላይ ማመስገን ለሚሻ ቤተሰብስ?

የአገራችን ሰው ስጦታ ሲያስብ መጀመሪያ ትዝ የሚለው ቡና ነው። አንድ ኪሎ የተቆላ ቡና፣ ከዚያም ጀበና፣ ከዚያም ነጠላ። ልብን ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን የክፍል አጽጂው የሚተኛው ከጓደኛው ጋር በሚጋራት፣ ተደራራቢ አልጋ ባላት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። እሳት እንዳይነሳ ስለሚፈራ ምድጃ መያዝ አይችልም። ኮንትራቱ ሲያልቅ የሚመለሰው በአውሮፕላን፣ ሻንጣው ተመዝኖ ነው። ጀበናውን የት ያድርገው? የሚጠቅመው ቀላልና ትንሽ ነገር ነው። ፋብሪካ ያሸገው ጣፋጭ ከጓደኞቹ ጋር ይካፈለዋል፤ ቤት የተጋገረው ግን ምንም ቢጣፍጥ ከማያውቀው ሰው ስለመጣ ለመብላት ይቸግረዋል። ከሁሉ የሚሻለው ጥሬ ገንዘብ ነው፤ ብዙ መሆን የለበትም። ከልጆቹ ጋር በቪዲዮ የሚያወራበትን ኢንተርኔት ቢገዛበት እንኳ ትልቅ ነገር ነው።

ገና በመጀመሪያው ቀን ገንዘብ አስጨብጦ ከሌላው ቀድሞ ለመስተናገድ መሞከርን ግን አንወደውም። ይህ ምስጋና ሳይሆን እጅ መንሻ ነው፤ እጅ መንሻ የት እንደሚያደርስ ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ሠራተኛዋ ሴት ከሆነች ስጦታውን ሚስት ብትሰጥ ወይም ቤተሰቡ ተሰብስቦ ቢሰጥ ለሁሉም ያምራል።

ገንዘብ የማይጠይቅ ምስጋናም አለ። ሠራተኞቹ ደረታቸው ላይ በሚለጥፉት ባጅ ላይ ስማቸውና አገራቸው ተጽፏል። ስሙን ያዙት። ከጉዞው በኋላ ኩባንያው አስተያየት ሲጠይቅ «አገልግሎቱ ጥሩ ነበር» ብሎ ማለፍ ለማንም አይጠቅምም፤ «እገሌ የተባለው አጽጂ ይህን አደረገልን» ተብሎ በስም ሲጻፍ ግን አለቆቹ ያዩታል።

እናንተ ወጣቶችና ልጆች ደግሞ በመርከቡ ላይ የምታስተውሉት አንድ ነገር አለ። ማታ ወደ ክፍላችሁ ስትመለሱ አልጋው ላይ ከፎጣ የተሠራ ዝሆን ወይም ዳክዬ ተቀምጦ ታገኛላችሁ። አጽጂው ብዙ ክፍል ካጸዳ በኋላ አጣጥፎ የሠራው ነው። በማግስቱ ፎጣውን በትናችሁ ወለል ላይ ከመጣል አንድ ወረቀት ላይ ስሙን ጽፋችሁ፣ ሥዕል ሥላችሁ በቦታው ብታስቀምጡለት ምን ይመስላችኋል? እኛ መምህራን ከተማሪ የተሰጠን እንዲህ ያለ ወረቀት ስንት ዓመት መጽሐፍ ውስጥ እንደሚቀመጥ እናውቃለን። አስተናጋጅ ለመጥራት ማጨብጨብንም ተዉ፤ አገር ቤት ለምደነው አይሰማንም እንጂ እዚያ ትልቅ ስድብ ነው።

የምትሰጡት ነገር ካለ ለመሰናበቻው ጠዋት አታቆዩት። በዚያ ጠዋት ተሳፋሪው ወርዶ ሳይጨርስ አጽጂው የክፍሎቹን አንሶላ ሁሉ እየገፈፈ ነው፤ እኩለ ቀን ገደማ ሌሎች እንግዶች መግባት ይጀምራሉና ቀና ብሎ የሚያይበት ጊዜ የለውም። ፖስታውንና የልጆቹን ወረቀት በዋዜማው፣ አልጋ ሊያነጥፍ ሲመጣ፣ በእጁ ስጡት።